የማልጠራው ስም

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2018

ተመረጥኩ! ፊልም ልሠራ ነው! እኔ ጁሀራ፣ የሮቤዋ ባልዲ ሻጭ... ፊልም!

ቆይ፣ ረጋ ልበል። ቢስሚላህ። ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ሱቄን ከፈትኩ። ባልዲውን ደረደርኩ፣ ጆጎቹን አንጠለጠልኩ። ንፋሱ ሁለት ሳፋ ነጥቆኝ አስፋልት ተሻገረ፣ ጋሪ ሊያደቃቸው ሲል ደረስኩ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ "ያፈሳል" ብላ የገዛችውን ጀሪካን ልትመልስ መጣች። ገልብጬ ሳየው በምስማር ተወግቷል! ሰደብኳት አይባልም፣ መከርኳት። ግማሽ ሰዓት መከርኳት። ስለ ምስማር፣ ስለ አማና፣ አምና ለሠርግ ተውሳ ስላልመለሰችው ድስት...

ቀና ስል አንድ ቀጭን ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

"እርስዎ፣ ካሜራ ፊት እንዲህ ማውራት ይችላሉ?"

"ካሜራ ምን ያደርገኛል? ይነክሳል?"

ብሩህ ይባላል። የጎባ ልጅ ነው፣ ፊልሙን የሚያዘጋጀው እሱ። አንድ ወር ጎባ ላይ ሲቀርጹ ከርመዋል ለካ። ያስቃል፣ ፍቅርም አለው፣ ምርመራም አለው አለኝ። በሠርግ ዋዜማ የሙሽራው ፈረስ ኮርቻ ይሰረቃል። የግል መርማሪ ተቀጥሮ ይመጣል፣ ሌባውን ሲያሳድድ የሙሽሪትን እህት ይወዳል። ሌባውን በዓይኗ ያየችው አንዲት ወሬኛ ባለሱቅ ብቻ ናት። እሷን ልትሠራ የነበረችው ሴት የወለደች ልጇን ልታርስ ሄደችበት።

ወሬኛዋ እኔ ነኝ!

አስረኛ ክፍል ጎባ ስማር የድራማ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። ንግሥት ልሆን ቃሌን በሙሉ አጥንቼ... ከመድረኩ በፊት ተዳርኩ። የንግሥቲቱን ቀሚስ የክበቡ ልጅ ማናልበሽ ለበሰችው። ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። ቀሚሱ ሐምራዊ ነበር። ለምን እስካሁን አልረሳሁትም?

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ለአባባ ነገርኳቸው። አባባ የምላቸው አማቴን ነው፣ የባሌን አባት። ባሌ ዓብዱልፈታሕ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፤ አሁን ግቢው ውስጥ አባባ፣ ልጄ ሰቢሪናና እኔ ብቻ ነን። በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

"አባባ፣ ፊልም ልሠራ ነው።"

መቁጠሪያቸውን ገፋ ገፋ አደረጉ። "ምን ሆነሽ?"

"ወሬኛ።"

"እንግዲያው አልተሳሳቱም" ብለው ሳቁ። ጥርስ የለም፣ ሳቅ ብቻ።

እኚህ ሰው ናቸው ከሠርጌ በኋላ ዘመድ ሁሉ "ያገባች ሴት ደብተር ምን ያደርግላታል?" ሲል "ምራቴ ደብተሯን ይዛ ነው የመጣችው" ብለው አስራ ሁለተኛን ያስጨረሱኝ። ፈተና ስቀመጥ ሮቤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በቅሏቸውን ይዘው ቆመው ጠበቁኝ።

ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። በእኛ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ለጉ ነው። የዛሬዎቹ ትተውታል። እኔ አልተውኩም። ሰቢሪናን ትምህርት ቤት ሳስመዘግብ መዝጋቢው "የአያት ስም?" አለኝ። መታወቂያውን ዘረጋሁለት። "አንብበው" አልኩት። "ማንበብ አይችሉም?" አለኝ። "አንተ ትችላለህ አይደል? አንብበዋ!" ሰቢሪና እስካሁን ትስቅብኛለች። እዚህ ደብተር ላይ እንኳን ጽፌው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

የመጀመሪያ ቀረጻ፣ በገዛ ሱቄ! መርማሪው ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ሳላሀዲን! የባጃጁ ሳላሀዲን! እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ካፖርት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ አጉሊ መነጽር ጨብጦ ከባጃጁ ወረደ። ባልዲዎቼን አንድ በአንድ መረመረ።

"አዴ ጁሀራ፣ ይሄ ሳፋ ይጠረጠራል።"

"አንተ ነህ የምትጠረጠረው! ያን ቀን ከገበያ ስታመጣኝ እንቁላሌን በጉድጓድ ላይ ያንጓለልከው ማን ነበር?"

ብሩህ የሰጠኝ ገጽ ላይ የለም ይሄ። አፌ ነው ያወጣው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ብሩህም "ይቀመጥ! ይሄ ፊልሙ ውስጥ ይቀመጥ!" እያለ ዘለለ።

የሙሽሪት እህት የምትሆነው ዙሀይራ ናት፣ ጎባ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ። እሷ ስትገባ ሳላሀዲን ጆሮው ይቀላል። ካሜራው ሲጠፋም ይቀላል። እኔ መርማሪ አይደለሁም፣ ግን ዓይን አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ዛሬም ቀረጻ። ዛሬም ደስታ። ገበያተኛው "አርቲስት ጁሀራ" እያለ ጀሪካን ይጠይቀኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ያ ረቢ። ያ ረቢ ምን ጉድ ነው?

ብሩህ ሁልጊዜ የየራሳችንን ገጽ ብቻ ነው የሚሰጠን። ሌባው ማን እንደሆነ ተዋናዩም እንዳያውቅ። "ሮቤ ገበያ ጠዋት የሰማውን ከሰዓት ጊኒር ያውቀዋል" ይላል። ዛሬ ግን የመጨረሻው ትዕይንቴ ደረሰና ገጼን ሰጠኝ። መርማሪው "ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ!" ይለኛል። እኔ ደግሞ እጄን ዘርግቼ "ሌባው እገሌ ነው!" እላለሁ።

እገሌ... የአባባ ስም ነው። ከነፊደሉ የአባባ ስም!

"አክሽን!" "ሌባው..." አሳለኝ። "አክሽን!" "ሌባው..." አስነጠስኩ። "አክሽን!" "ሌባው..." ሳፋ ጣልኩ፣ ሆን ብዬ። አስራ አንድ ጊዜ። ስማቸውን መጥራት አንድ ነገር ነው። ከ"ሌባ" ጋር አጣብቆ መጥራት?

ብሩህ ላቡን ጠረገ። "እትዬ ጁሀራ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳያቋርጡ ያወሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? የቀረችው አንዲት ቃል ናት!"

"ጥርሴን አሞኝ ነው።"

ውሸት። ጥርሴ ደህና ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 27

"ንገሪው በቃ" ትላለች ሰቢሪና። "ማሚ፣ ወግ ነው፣ ነውር አይደለም።"

ለምን አልነገርኩትም? ተማሪ ሳለሁ ጎባ ላይ "የገጠሯ" ይሉኝ ስለነበር? ብሩህ ይሄን ሰምቶ ፊቱ ላይ ያቺ የማውቃት ፈገግታ እንዳትመጣ? በዚህ ዕድሜዬ?

ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ይዤ ዋልኩ። ሰው ካየኝ ብዬ። አሁን የእውነት አመመኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ጎባ ሄድኩ፣ በሳላሀዲን ባጃጅ። ስሙን እንዲቀይረው ልለምነው። መንገዱን በሙሉ ጥርሴን ይዤ ነበር። ሳላሀዲን በመስታወቱ አየኝ።

"አዴ፣ እኔን ግን በጥርስ አታታልይኝ። እናቴም አያቴን አትጠራም ነበር። ለጉ ነው አይደል?"

አለቀስኩ። ባጃጁን አቁሞ የመርማሪውን መሐረብ ሰጠኝ። ኪሱ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ዙሀይራ ያሰረችለት መሐረብ። ይሄም ለዓይኔ አላመለጠም፣ እያለቀስኩም ቢሆን።

ጎባ ገብተን ቀና ብል... ወፍጮ ቤቱ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ በሬ በሚያክል ፊደል ያ ስም! በፊልሙ ሌባው ባለወፍጮ ነው። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ብሩህ ሰማኝ። አልሳቀም፣ እውነት ለመናገር። ራሱን ነው የያዘው። "እትዬ ጁሀራ፣ ስሙ በሠላሳ አንድ ትዕይንት ተጠርቷል። ታፔላው በግማሹ ፊልም ይታያል። ሌባውን የሠራው ልጅ ጨርሶ ወደ ጅማ ሄዷል። ካሜራው የሚመጣው ሐሙስ አዲስ አበባ መመለስ አለበት። ከዚያ ደግሞ ረመዳን ነው... ምን ላድርግ?"

ሳላሀዲን መላ አመጣ። በስሙ ፋንታ "አንድ፣ ሁለት" ልበል፣ ድምፁን ሌላ ሰው ይሙላበት። ሞከርን። በካሜራው አሳዩኝ። አፌ ቆሎ እንደምትቆረጥም ፍየል! ዙሀይራ ፊቷን አዞረች፣ እንዳልሰማ ብላ ነው የሳቀችው።

እና ማን ብቅ ትላለች? ማናልበሽ። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ከወፍጮው ፊት ለፊት ነው።

"ጁሀራዬ! ሰማሁ እኮ። አይዞሽ፣ ካቃተሽ እኔ አለሁልሽ።"

ያው ድምፅ። የሐምራዊው ቀሚስ ቀን የሰማሁት ድምፅ!

ብሩህ መሬት መሬት እያየ "እስከ ማክሰኞ" አለኝ። "ካልሆነ የእርስዎን ክፍል በሙሉ ከእትዬ ማናልበሽ ጋር እደግመዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

በሙሉ። እንቁላሉንም፣ ሳፋውንም፣ ሁሉንም።

ዓርብ፣ ጥር 29

ሱቄን ዘግቼ ትልቁ የውሃ በርሜል ውስጥ አንገቴን አስገባሁ። ማንም እንዳይሰማኝ። አንዴ ልበለው፣ አፌ ይልመደው ብዬ። የመጀመሪያዋ ፊደል ወጣች። በርሜሉ አስተጋብቶ መለሰልኝ። ደንግጬ ጭንቅላቴን ከጠርዙ ጋር አላተምኩት። አበጠ።

የባሰው ግን ከጁምዓ በኋላ ነው። አባባ ከመስጂድ መጡ። ሰላም አላሉኝም። አንዱ ነግሯቸዋል... "ምራትህ በፊልም ሌባ ብላ ልትጠራህ ነው" ብሎ። የሚወዱትን ገንፎ፣ ማርቃ አቀረብኩ፣ ቅቤው እስኪረጋ ሳይነኩት ተነሡ።

ሃያ ሰባት ዓመት ያቀረብኩትን ሳይቀምሱ ተነሥተው አያውቁም። ምን አደረግኩ? ለአንዲት ፊልም ብዬ ምን አደረግኩ?

ቅዳሜ፣ ጥር 30

አባባ አልተናገሩም። እኔም። ሰቢሪና በሁለታችን መሀል ሳህን ስታመላልስ ዋለች። ክፍሌን ውሰጂው ልላት ለማናልበሽ ደወልኩ፣ ሳታነሳ ዘጋሁት።

እሑድ፣ የካቲት 1

ጠዋት በረንዳው ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። "አባባ፣ ተውኩት። ፊልሙን ትቼዋለሁ። አልጠራሁዎትም፣ ወላሂ አልጠራሁም።"

መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ቆጠሩ። የጎረቤት ፈረስ ሳር ሲግጥ ይሰማል።

"እንዳልጠራሽ አውቃለሁ" አሉኝ። "እኔን ያስከፋኝ ከሰው አፍ መስማቴ ነው። ለባልዲ ገዢ ሁሉ የምታወሪ ሴት፣ ለእኔ ሲሆን ወሬ አለቀብሽ?"

አለቀብኝ፣ እውነታቸውን ነው።

"አሁን ስሚኝ። ፈቅጃለሁ። ለጉውን አንስቼልሻለሁ። ጥሪው።"

"ከሌባ ጋር እኮ ነው፣ አባባ..."

"ታዲያ የሰረቀው ስሜ ነው እንዴ? ጥሪው ስልሽ!"

አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁ። ያ በቅሎ፣ ያ የትምህርት ቤት በር... ከንፈሬ እንቢ አለ። እንደገና ከፈትኩ። እንቢ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ያልጠራሁት እሳቸው ስለከለከሉኝ አልነበረም ለካ። ቢፈቅዱም የማይወጣ ነገር ነው፣ የራሴ ነው።

እሳቸው ሳቁ። እያለቀስኩ እሳቸው ሳቁ! ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

"ልጅ ሳለሁ ደሎ ላይ በሬ ተሰረቀ። ሌባውን ያየችው አንዲት ምራት ናት። ሽማግሌዎቹ 'ማን ነው?' አሏት። ዝም። ሦስት ጊዜ ጠየቋት፣ ዝም። ከከተማ የመጣው ዳኛ ሊያስራት ተነሣ። አባቴ 'ተዋት፣ እየነገረችን ነው' አሉት። የመንደሩን ወንድ ሁሉ ስም አንድ በአንድ ጠሩላት። ሁሉንም 'አይደለም' አለች። አንዱ ላይ ሲደርሱ ጉፍታዋን አፏ ላይ ሳበች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የአማቷ ሞክሼ ተያዘ። በሬው ከቤቱ ወጣ።"

ገባኝ! ከዚያ ተነሥቼ ያለ ጫማ እስከ ግቢው በር ሮጥኩ። ተመልሼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ተመልሼ ስልኬን ፈለግኩ።

ብሩህ ሰምቶ ሰምቶ "አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ" አለኝ። ደገምኩለት። ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሀሎ? ሀሎ?" ስል፣ ለካ እየጻፈ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ሱቄ ፊት ለፊት ግማሽ ሮቤ ቆሟል። ጋሪዎች ሁሉ ቆመዋል። ማናልበሽም ከጎባ መጥታለች፣ ፀጉሯን ተሠርታ። ብሩህ በጆሮዬ "ካልሰመረ ዛሬ ከሰዓት ከእሷ ጋር ነኝ" አለኝ። ተዋቢ ተብዬ የተቀባሁት ዱቄት በላብ ወረደ።

"አክሽን!"

ሳላሀዲን ካፖርቱን እያወዛወዘ ወረቀት ዘረጋ። "ስሙን ንገሪኝ!" ዝም። "ንገሪኝ እኮ ነው!" ዝም። ጀሪካን አነሣሁ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ አስቀመጥኩ። መርማሪው ተናደደ፣ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ።

"ዲማ ነው?"

"ዲማ? ኧረ አይደለም! ዲማ ኮርቻ ቢሰርቅ ገልብጦ ነው የሚጭነው፣ ፈረሱ ራሱ ይከሰዋል!"

"ጉተማ?"

"ጉተማ ሚስቱን ሳያስፈቅድ አያስልም፣ እንኳን ሊሰርቅ!"

"ትንሣኤ?"

"ትንሣኤማ የራሱን ጫማ ጠፋብኝ ብሎ ያለቀሰ ሰው ነው፣ ጫማው እግሩ ላይ!"

ሰዉ እየሳቀ ነው። ሳላሀዲን አንዴ አየኝ። ያንን ስም ጠራ።

ዝም።

ጉፍታዬን ቀስ ብዬ አፌ ላይ ሳብኩ። ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ሳላስበው ወደ ሕዝቡ ሄደ። እዚያ፣ ከጋሪው አጠገብ፣ አባባ በወንበር ተቀምጠዋል። መቁጠሪያቸው ቆሟል። ስማቸው አየር ላይ ነው፣ ያለ እኔ ድምፅ። እንባዬ መጣ። ገጹ ላይ እንባ የለም።

ከሁሉ ቀድመው የገባቸው ቅቤ ሻጮቹ አሮጊቶች ናቸው። አንዷ እልል አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ገበያው በሙሉ! ዙሀይራ እየሳቀች ገባች፣ የመርማሪውን ባርኔጣ ከራሱ ላይ አወለቀች። "አንተ የከተማ ሰው! ነገረችህ እኮ! ሌባው የአማቷ ሞክሼ ነው!"

ሳላሀዲን አፉን ከፍቶ ቀረ። ትወናው ይሁን ዙሀይራ፣ አላህ ይወቅ።

"ካት!" አለ ብሩህ። ድምፁ ተሰባበረ። "በቃ። አንድ ጊዜ በቃ። አይደገምም።"

ማናልበሽ በሕዝቡ መሀል ሰንጥቃ መጣች። አሁን ምን ልትለኝ ነው አልኩ። እጄን ያዘችኝ። "ጁሀራ፣ እኔ ይሄን አልችለውም ነበር። እኔ ብሆን ስሙን ጠርቼው አርፍ ነበር።" ከዚያ ጠጋ ብላ "ያ ቀሚስ እኮ ሰፍቶኝ ነበር" አለችኝ። "በመርፌ ቁልፍ ይዤው ነው የሠራሁት።"

ሃያ ሰባት ዓመት! በመርፌ ቁልፍ!

እሑድ፣ የካቲት 8

ካሜራው ሄደ። ብሩህ በረመዳን ቆርጦ ይቀጥለዋል። "ኮርቻው የት ገባ" ብሎ ስም አውጥቶለታል።

ገበያው አሁን "አርቲስት" ማለቱን ትቷል። ምን ይሉኛል? "ዝም ያለችው።" እኔን! አርባ ሰባት ዓመት አውርቼ በአንዲት ደቂቃ ዝምታ ታወቅኩ። ትናንት አንዷ ገዢ "አዴ፣ እስቲ ዝም በይልኝ፣ ልጄ ትይሽ" አለችኝ። ጉፍታዬን ሳብኩላት። ሁለት ሳፋ ገዛች።

ሳላሀዲን ዛሬ ጫማውን ጠርጎ መጣ። እኔን ፈልጎ አይደለም፣ አባባን ነው። ከጾሙ በኋላ ለዙሀይራ ቤተሰብ ሽማግሌ እንዲሆኑለት። አባባ "መርማሪ ሆነህ አባቷን ብቻህን ማግኘት አቃተህ?" አሉት። ግን እሺ ብለዋል።

ዛሬ ማርቃውን ጨርሰው ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት። "ስሜ ፊልም ላይ አለ ማለት ነው?" አሉኝ።

"አለ፣ አባባ።"

"አንቺ ሳትጠሪው።"

"እኔ ሳልጠራው።"

"ጥሩ" አሉ።

አሁን ለሁሉም ይነገር፣ ከነገ ጀምሬ በር ለበር እለፍፋለሁ፦ ፊልሙ የሚታየው ዒዱ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ከፊት ያለችው ወንበር የአባባ ናት፣ ማንም እንዳይቀመጥባት። በቅቤ የታሸውን የገብስ ጩኮ እኔ አዘጋጃለሁ። ባለ ምስማሯ ሴትዮም ትምጣ፣ ድስቱን ይዛ። ማናልበሽ ሐምራዊ ልልበስ ብላለች፣ ትልበስ! የጎባም ሰው፣ የሮቤም ሰው፣ የጊኒርም ሰው፣ ማንም እንዳይቀር፦ እሑድ፣ መጋቢት 13፣ ከዙህር ሶላት በኋላ!